የሳውዝ ሃይ ስትሪት ባልና ሚስት

ወዳጄ፣ ኮሎምበስን ባነሳሁ ቁጥር የማወራህ ስለ በረዶው ነው። እነዚያን ባልና ሚስት ግን አንስቼልህ አላውቅም። ሆዴ ውስጥ ብዙ ኖሩ።

በዲቪ ኦሃዮ በገባሁ ሰሞን፣ ሳውዝ ሃይ ስትሪት ላይ ካለ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ካሸር ነበርኩ። ቤቱ ቤንዚንና ያረረ ቡና ይሸታል፤ ሽታው ሹራቤን አልፎ ጠጉሬ ውስጥ ገብቶ እንጀራ ስቆርስ እንኳ አይለቀኝም ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም የበሩ ደወል ሲያቃጭል እነሱ ናቸው። ቀድማ የምትገባው እሷ ናት፤ ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ሳቋ ወደ ሳል የሚዞር። እሱ ወገቡን በእጁ ደግፎ ይከተላታል። አንድ ሆት ዶግ ገዝተው ለሁለት ይካፈላሉ፤ ትልቁን ለእሷ ይሰጣታል። በዚያ ዕድሜዬ፣ ፈረንጅ እንዲህ ይቸገራል ብሎ ማን ነግሮኝ!

ታሪካቸውን የሰማሁት ቀስ በቀስ፣ ቡና ስቀዳላቸው ነው። እሱ ጣራ ሠሪ ነበር። ወድቆ ወገቡን ሲጎዳ ሐኪም ኦክሲኮንቲን አዘዘለት። በፈረንጆቹ 1996 ገበያ ላይ የወጣ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሱስ የማስያዙ ነገር እምብዛም አያሰጋም እየተባለ ነው የተሸጠው። አምራቹ ኩባንያ በዚህ ሰውን ማሳሳቱን በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ያን ጊዜ የዚህ ልጅ ነገር አልቆ ነበር።

እሷ የፖርትስማውዝ ልጅ ናት። የእኛው መንገድ፣ ዩኤስ 23፣ ወደ ደቡብ ሲነዱት ኦሃዮ ወንዝ ዳር የሚያደርስባት ከተማ ናት። አያቷ በጫማ ፋብሪካ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ፋብሪካው ሲከስም፣ ክሊኒክ የሚል ታፔላ የሰቀሉ ቤቶች በጥሬ ገንዘብ ክኒን ይቸበችቡ ጀመር። እንደ ሌላው ሁሉ እነሱም እዚያ ተሰልፈዋል። በ2011 የወጣ ሕግ ቤቶቹን ሲያዘጋ ሱሱ ከሰዉ ጋር ቀረና ሄሮይን ተተካ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከሄሮይን 50 እጥፍ የሚበረታው ፌንታኒል መጣ። ይህን ሁሉ ያጠናቀርኩት ኋላ ነው። ያኔ የማየው እጇ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነበር።

አንድ ሌሊት ስለ ድሪምላንድ አጫወተችኝ፤ በልጅነቷ ስለዋኘችበት፣ በ1993 ስለተዘጋው ትልቅ መዋኛ። የክሎሪኑንና የተጠበሰ ድንቹን ሽታ እያነሳች ፊቷ ሲፈታ፣ እኔ ክረምት ላይ ቀበና ወንዝ ስንገባ የሚሸተው ጭቃ ትዝ አለኝ። እሱ ዝም ብሎ ያያታል። እንዲህ ያለ አስተያየት በሕይወቴ ብዙ አላየሁም።

ከዚያ ቀሩ። በረዶው ሲጠና ቀሩ፤ በረዶው ሲቀልጥም የሉም። ፖሊስ መጥቶ የካሜራውን ቅጂ ወሰደ። የቴሌቪዥን ዜናው መጥፋታቸውን አውርቶ፣ ሁለቱም የዕፅ ሱሰኞች እንደነበሩ ተናግሮ ወደ አየር ጠባይ አለፈ። የእነሱ የኋላ ታሪክ ይኸው ብቻ ሆነ? ጣራውም፣ መዋኛውም፣ ያ የሆት ዶግ ቁራሽም የለም?

የልጅቷ እናት አፋልጉኝ የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። መስታወቱ ላይ አብረን ለጠፍነው። ከፎቶው በታች፣ ከቁመታቸው ቀጥሎ፣ ሁለቱም ዕፅ ይወስዳሉ የሚል ተጽፎበታል። እኛ ዘንድ ይህ ገመና ነው፤ የሞተ እንደሆነ እንኳ በልብ ድካም ሞተ ይባላል እንጂ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም። አንጀቴ አልችል አለኝና ይህን ለምን ጻፍሽው፣ እማማ አልኳት።

«ያገኛቸው ሰው ተኝተዋል ብሎ እንዳያልፋቸው» አለችኝ፤ ከቦርሳዋም እንዲህ ያለ ዕፅ የጣለውን ሰው የሚያነቃውን፣ በአፍንጫ የሚነፋውን ናሎክሶን አውጥታ፣ ከንፈሩ የጠቆረና ትንፋሹ የደከመ ሰው ሳይ እንዴት እንደምጠቀምበት እዚያው ባንኮኒው ፊት አሳየችኝ።