አባባ፣ ከመኪናው አይውረዱ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ካምሪ ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ። ተከትዬ መብራቴን አበራሁበት፤ ወዲያው ፍሬቻ አሳይቶ ጥግ ያዘ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ የሾፌሩ በር ተከፈተና ዕድሜያቸው ከስልሳ የማያንስ ሰው ወረዱ። በቀኝ እጃቸው አንድ ነገር ይዘው፣ ግራ እጃቸውን ከቀኝ ክንዳቸው ሥር አድርገው፣ ጎንበስ እንዳሉ ወደ እኛ መጡ። እንዳሠለጥነው የተመደበልኝ ወጣት ፖሊስ በእንግሊዝኛ "ቁም! እጅህን አሳይ!" ብሎ ጮኸ። እጁ ሽጉጡ ላይ ነበር።

እኔ ግን የታየኝ አባቴ ነው። አገር ቤት ትራፊክ ያስቆመው ሾፌር ከመኪናው ይወርዳል፣ መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን ይዞ ይጠጋል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ "ይቅርታ ጌታዬ" ይላል። ወንበሩ ላይ ተጎልቶ ትራፊኩ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። እዚህ ደግሞ በሌሊት ከመኪናው ወርዶ ወደ ፖሊስ የሚራመድ ሰው ሊያጠቃ እንደመጣ ነው የሚታሰበው። "አባባ! ይመለሱ! መኪናው ውስጥ ገብተው ይቀመጡ!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ተመለሱ።

በመስኮቱ በኩል ስደርስ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊብሬውን ጠየቅኳቸው። "እዚህ ነው ያለው ልጄ" ብለው እጃቸውን ወደ ክሩስኮቱ ኪስ ዘረጉና መሀል ላይ ቆም አሉ። "ግን ሽጉጥም አለ።"

ስማቸውን አልጽፍም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል፤ "ሌላው ይማርበት" ብለው።

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ከሆንኩ 11 ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት ያስቆምኳቸውን መኪናዎች ብዛት አላውቀውም። የዚያን ሌሊቱን ያህል ሆዴን ያባባው ግን የለም። ሰውየው ክፉ አላሰቡም፣ አልሰከሩም፣ አልሸሹም። የሚያስመሰግን የአገር ቤት ጨዋነታቸውን ነው ያሳዩት፤ ሊገድላቸው የነበረውም እሱ ነው።

መሣሪያ የሚገዙ ወገኖቼን አልንቅም። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ባደግኩበት ቤት አባቴ ምንሽር ነበረው፤ በቆዳ ማንገቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ ሠርግና ለቅሶ ሲሆን ይወርዳል። ጠመንጃ ማዕረግ እንደሆነ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን ስለዚያ ምንሽር ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ ነገር አለ። መንደሩ በሙሉ ያውቀው ነበር። የማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተገዛ፣ አባቴ ከማን ጋር እንደተጣላና ማን ሽማግሌ ሆኖ እንዳስታረቀው፣ ሁሉም ይታወቃል። እዚህ እኔ በሌሊት ወደ አንድ መኪና ስጠጋ የማውቀው ታርጋውን ብቻ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ስለ እኔ የሚያውቀው የደንብ ልብሴን ብቻ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሁለት ሽጉጥ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት። መሣሪያ ይዞ መንዳት እዚህ አገር ይህ ማለት ነው።

ፊላንዶ ካስቲል የሚባለውን ሰው ታስታውሱታላችሁ። ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት የሚሠራ የ32 ዓመት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2016 ፋልከን ሃይትስ ላይ ፖሊስ አስቆመው፤ የነገረው ምክንያት የፍሬን መብራት ነው። ካስቲል ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ነበረው። የኢንሹራንስ ካርዱን ሰጠና በትህትና መሣሪያ እንደያዘ ተናገረ። ከዚያች ቃል በኋላ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ሰባት ጥይት ተተኮሰበት። የኋላ ወንበር ላይ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ፖሊሱ በቀጣዩ ዓመት በነጻ ተለቀቀ።

ድርጊቱን የቀረጸውን ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በሥራዬ ምክንያት፣ ኋላም ለራሴ። ፖሊሱ "አታውጣው" ይላል፤ ካስቲል "እያወጣሁት አይደለም" ይላል። አንዱ ስለ ሽጉጥ፣ ሌላው ምናልባት ስለ መንጃ ፈቃዱ ነው የሚያወራው። በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ አልተግባቡም። እንግሊዝኛ የከበዳቸው፣ ሲደነግጡ ቃል የሚጠፋባቸው የእኛ አባቶችስ?

ስለ ራሴ ሙያም ሳልደብቅ ልናገር። ፖሊስ ይፈራል። መኪና አስቁመው የተገደሉ ባልደረቦቻችንን ቪዲዮ እየተመለከትን ነው የሠለጠንነው፤ እያንዳንዱ እጅ ወደ ወገብ ሲሄድ ያ ምስል ይመጣል። ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን ፍርሃት ለመተኮስ ፈቃድ አይደለም። ሕጉን አክብሮ "መሣሪያ አለኝ" ያለ ሰው ከተናገረ በኋላ ከሞተ፣ ጥፋቱ የሟቹ ነው የሚለኝ ባልደረባ ካለ አልስማማውም፤ ፊት ለፊትም ነግሬያቸዋለሁ።

በማይረባ ምክንያት ማስቆምም መቀነስ አለበት። ቨርጂኒያ ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ጀምሮ ፖሊስ የመስታወት ጥቁረትን ወይም ስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለ ነገርን ብቻ ምክንያት አድርጎ መኪና እንዳያስቆም በሕግ ከልክላለች። ሕጉ ሲወጣ አጉረምርሜ ነበር፤ እጃችን ታሰረ ብዬ። በኋላ ነው የገባኝ። የእኛ ሰው መኪና ውስጥ ገብታችሁ ስፖኪዮው ላይ መስቀል ወይም መቁጠሪያ ያልተንጠለጠለበት ስንት ታገኛላችሁ? በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ብሩክሊን ሴንተር ሚኒሶታ ውስጥ ዳንቴ ራይት የተባለ የ20 ዓመት ወጣት መኪናው ሲቆም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ሽቶ ነበር። ፖሊሷ የኤሌክትሪክ መሣሪያዋን የሳበች መስሏት ሽጉጧን ተኮሰች። ልጁ ሞተ። የእናቴን መስቀል ሰቅዬ በምነዳበት አገር ይህ ሕግ ለኔም ነው የወጣው።

ወደ አባባ ልመለስ። የኡበር ሾፌር ናቸው። ከዓመት በፊት ሁለት ልጆች በሌሊት ማጅራታቸውን ይዘው ስልካቸውንና የዕለት ገንዘባቸውን ወሰዱባቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሽጉጥ ገዙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያደረጉት ሕገወጥ አልነበረም፤ እዚህ መሣሪያ መያዝ የሚችል ሰው ሽጉጡን በመኪናው ውስጥ በተዘጋ ሣጥን ወይም ኪስ ማስቀመጥ ይፈቀድለታል። "ከየት እየመጡ ነው?" አልኳቸው፣ እንዲረጋጉ ብዬ። "ከዲሲ ነዋ፤ አሁን ዩ ስትሪት ሰው አድርሼ።"

ደሜ ቀዘቀዘ። የእኔ ሥልጣን ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ ነው፤ ወንዙን ተሻግሬ የምከሰው ነገር የለም። ግን የአሥራ አራተኛውን ጎዳና ድልድይ እስኪሻገሩ አንድ ሕግ የሚጠብቃቸው ሽማግሌ፣ ከተሻገሩ በኋላ ዲሲ ውስጥ ያለፈቃድ ሽጉጥ በመያዝ እስከ 5 ዓመት ሊታሰሩ የሚችሉ ሰው ናቸው። ዲሲም ሆነች ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የሚሄድ ሰው መሣሪያውን መኪናው ውስጥ ረስቶ ከሄደ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ፣ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ሆኖ፣ ከተፈቀደበት ቦታ ወደ ተፈቀደበት ቦታ ለሚያልፍ መንገደኛ ከለላ ይሰጣል። ዲሲ ውስጥ ተሳፋሪ እየጫነ ሲዞር ለሚያመሽ ሾፌር ግን አይደርስለትም። ኡበርም ሊፍትም ሾፌሮቻቸው መሣሪያ ይዘው እንዳይሠሩ ይከለክላሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ማንን እንደሚይዝ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የፔንሲልቬኒያ ፈቃድ ያላት አንዲት የፊላደልፊያ እናት ኒው ጀርሲ ውስጥ መስመር ያለአግባብ ቀየርሽ ተብላ ቆመች። መሣሪያ እንዳላት ራሷ ለፖሊሱ ነገረችው። እዚያው ታሰረች፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት እስር ተደቀነባት። በኋላ ከእስር ብትተርፍም ሙሉ ምሕረቱን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2015 ከገዥው ክሪስ ክሪስቲ ነው። እሷ አሜሪካዊት ናት። ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ሰው ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከእስሩ በላይ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል፤ የፌዴራሉ የስደተኞች ሕግ ይህን ከአገር ለማስወጣት ምክንያት አድርጎ ጽፎታል። ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ልጆች አስተምሮ፣ ቤት ገዝቶ፣ በአንዲት ድልድይ።

ይህን ሁሉ መንገድ ዳር ቆሜ ለአባባ ነገርኳቸው። ለቀይ መብራቱ ትኬት ሰጠኋቸው፤ ይህን አልተውኩላቸውም፣ የተጣሰ መብራትም ሰው ይገድላል። ወጣቱ ባልደረባዬ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ስንመለስ "ለምንድን ነው የወረዱት?" አለኝ። አስረዳሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና "ማንም አልነገረኝም" አለ። ለሱም ለአባባም ያልተነገራቸው አንድ ነገር ነው።

ስለዚህ እባካችሁ። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ጥግ ያዙ፣ የውስጥ መብራት አብሩ፣ መስኮት አውርዱ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። አትውረዱ። ሊብሬውንና ኢንሹራንሱን ከፀሐይ መከለያው ላይ አድርጉት፤ ሽጉጥ ካለበት ኪስ ውስጥ ፈጽሞ አይሁን። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ ሳትጠየቁ ተናገሩ አይልም፤ ሽጉጥ በሽሽግ የመያዝ ፈቃድ ካላችሁ ግን መንጃ ፈቃዳችሁን ስናይ ኮምፒውተሩ ይነግረናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እጃችሁ መሪው ላይ እንዳለ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ ድልድይ የሚያሻግር ሥራ ያለው ሰው መሣሪያውን ቤቱ፣ ልጆች በማይደርሱበት ካዝና ቆልፎ ይውጣ።

አባባ ባለፈው እሑድ ደውለውልኝ ነበር። ሽጉጡ ቤት ቀርቷል፤ ለመኪናዋ ካሜራ ልጃቸው ገጥሞላቸዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የማያነብ አባት ወይም አጎት መኪና የሚነዳ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉለት፤ ሲያስቆሙህ ከመኪናው አትውረድ በሉት።