ጉልበቱ የራሱ አልነበረም

ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ ባቡር ላጫውታችሁ።

ለንደን ውስጥ ቢሮ በማጸዳባቸው ዓመታት ማለዳ ከቦውዝ ፓርክ ተሳፍሬ ሙርጌት እወርድ ነበር። ባቡሩ ክላስ 313 ይባላል። በ1976 እና በ1977 እ.ኤ.አ. ዮርክ ከተማ ውስጥ 64 ተሠርተው ነበር፤ እያንዳንዱ ባለ ሦስት ፉርጎ ነው። ሽንት ቤት እንኳ አልነበረውም፤ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሠራተኛ አመላልሷል።

ድሬይተን ፓርክ ጣቢያ ስንደርስ ኃይል ይቀይራል። እስከዚያ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት እየወሰደ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው በ1904 የተከፈተ ጠባብ ዋሻ ግን ሽቦ የለውም። ስለዚህ ሹፌሩ ጣሪያው ላይ ያለውን ክንድ አውርዶ፣ ከሐዲዱ ጎን ከተዘረጋው ሦስተኛ ሐዲድ 750 ቮልት ይቀበላል። ስንመለስ እዚያው ቆሞ ክንዱን መልሶ ያነሣል።

በ2019 እነዚህ ባቡሮች ከመስመራችን ወጡ። በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለዓመታት የመራሁትን የረቡዕ ጸሎት ለአንዲት ወጣት እህት እንዳስረክብ ጠየቁኝ። በአፌ «አሜን» አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለወራት ረቡዕን ቀረሁ። «ጌታ ሆይ፣ በቃሽ አልከኝ?» እያልኩ አጉረመረምኩ።

አንድ ማለዳ አዲሱ ባቡር ድሬይተን ፓርክ ላይ ቆመ። እሱም እንደ አሮጌው እዚያው ኃይል ሲቀይር ልቤ ተነካ። አሮጌው ባቡር አንድም ቀን በራሱ ጉልበት ሄዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ተቀባይ ነበር። እሱ ሲነሣም ሽቦው ኃይል አላጣም። እኔ ግን የጸሎቱን እሳት የራሴ አድርጌው ኖሯል!

ረቡዕ ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ያቺ እህት ስትጸልይ ያው መንፈስ ነበር። አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከአሮጌዎቹ ጥቂቶቹ ቀደም ብለው ወደ ደቡብ ጠረፍ ተልከው፣ ብራይተን አካባቢ እስከ 2023 በሦስተኛው ሐዲድ ብቻ ሠርተዋል። እኔም ዛሬ የታመሙትን እጠይቃለሁ፤ መድረክ የለውም፣ ኃይሉ ግን አልጎደለም።

ወገኔ፣ ያስረከብከው አገልግሎት ያስለቅስሃል? እህቴ፣ አንቺንስ? ምንጩ እኛ አልነበርንም፤ እርሱ ዛሬም አለ።

ጌታ ይባርካችሁ።