ለእማዬ ጓሮ ቤት ስንሠራ አፈሩ የጠየቀን ጥያቄ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ሰርቪስ ቤት» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራ፣ ለዘመድ ወይም ለተከራይ የሚሆን ትንሽ ቤት ነው። ሎስ አንጀለስም ዛሬ እንዲህ ዓይነት ቤት በየጓሮው ይሠራል። እኛም ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙ በማይርቀው ግቢያችን ለእናቴ አንድ እየሠራን ነው። እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች ቤት መሥራት ማለት ግድግዳ ማቆም ሊመስላችሁ ይችላል። የእኛ ቤተሰብ ወራት የፈጀ ክርክር ግን ስለ ግድግዳ ሳይሆን ስለ አፈር ነበር።

ግቢያችን ወደ ኋላ ሦስት ጫማ ያህል ከፍ ይላል። የእናቴ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወድም። መሬቱን ሳንነካ ብንሠራ በሯ ላይ ደረጃ ይመጣል። ደረጃ እንዳይኖር ከፈለግን ከፍ ያለውን መቁረጥ፣ ዝቅ ያለውን መሙላት አለብን። ግንበኞች ይህን «ቆረጣና ሙሌት» ይሉታል። መሬቱን ውሃ ልክ የማድረግ ሥራው በጠቅላላ ድልዳሎ ይባላል።

ችግሩ ከአጥሩ ማዶ ነበር። ከኋላችን የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን አጥር ሥር ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አላቸው። ሥሩ ወደ እኛ ግቢ ገብቷል። የድልዳሎውን ምልክት ባዩ ጊዜ መጥተው፣ «የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ የታለ?» ብለው ጠየቁን።

ጥያቄያቸው መሠረት ያለው ነው። ካሊፎርኒያ በ1970 የአካባቢ ጥራት ሕግ አውጥታለች። ሕጉን የፈረሙት በጊዜው የግዛቷ አስተዳዳሪ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ናቸው። በ1972 ደግሞ የግዛቷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉ የመንግሥትን ሥራ ብቻ ሳይሆን መንግሥት ፈቃድ የሚሰጥበትን የግል ግንባታም እንደሚመለከት ወሰነ። ኢትዮጵያም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 299/1995 ነው። የኢትዮጵያው 1995 ዓ.ም. የጀመረው በፈረንጆቹ 2002 ነው። በኦሎምፒክና በዊትዎርዝ መካከል ያለው የፌርፋክስ ክፍል በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» የተባለውም በዚያው በ2002 ነበር።

ታዲያ የእኛ ቤት ለምን አልተጠናም? ፈቃድ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው። አንደኛው ሹሙ ጉዳዩን አመዛዝኖ «ይሁን» ወይም «አይሁን» የሚልበት ነው። ሁለተኛው ዝርዝሩ መሟላቱ ብቻ የሚታይበት ነው፤ ካሟላችሁ ፈቃዱ ይሰጣችኋል። የአካባቢ ጥናት የሚጠየቀው ለመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በጸኑት ሕጎች መሠረት የጓሮ ቤት ከሁለተኛው ዓይነት ይመደባል። ማመልከቻው ከተሟላ መልሱ በ60 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ቤቱ እስከ 800 ካሬ ጫማ ከሆነ፣ ቁመቱ ከ16 ጫማ ካልበለጠና ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ ከራቀ ከተማው ሊከለክለው አይችልም። የቤት እጦት በከፋበት ከተማ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይህ ማለት ግን አፈሩን ማንም አያየውም ማለት አይደለም። የድልዳሎው ፕላን በመሐንዲስ ተሠርቶ በከተማው ይመረመራል። ግቢያችን ደግሞ በሚቴን ጋዝ ቀጠና ውስጥ ነው። በዊልሻየር ጎዳና ያሉትን የላ ብሪያ ሬንጅ ኩሬዎች ያየ ምክንያቱን ያውቃል። ከሥራችን አሮጌ የነዳጅ መሬት አለ። በማርች 1985 በፌርፋክስና በሦስተኛ ጎዳና አጠገብ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ ከ20 በላይ ሰዎች ቆስለዋል። ስለዚህ በቀጠናው አዲስ ቤት ሲሠራ አፈሩ ይመረመራል፤ እንደ ውጤቱም ከወለሉ በታች ጋዝ የማያሳልፍ ንጣፍና ማስተንፈሻ ቱቦ ይገባል። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «እንዴ! ከሥሩ የሚጨስ መሬት ላይ ነው የምታስተኙኝ?» አለች። ቱቦው ከቤቷ በፊት ስለሚቀበር እንቅልፏን እንደማይነካው አስረዳናት። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነችም።

ሕጉ የማያየው ነገር አቮካዶው ነበር። ሎስ አንጀለስ የምትጠብቃቸው የአገሬው ዛፎች አሉ፤ እንደ ኦክ፣ ሲካሞርና ጥቁር ዎልነት ያሉት። በ2021 ሁለት የአገሬው ቁጥቋጦዎች ተጨምረዋል። አቮካዶ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ከአጥሩ 4 ጫማ ርቀን ሦስት ጫማ ብንቆርጥ ማንም ባልከለከለን፣ የዛፉ ሥር ግን በተቆረጠ ነበር። ጎረቤታችን ሌላም ስጋት ነበራቸው። በፌብሩዋሪ 2024 በጣለው ከባድ ዝናብ በከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች መሬት ተንሸራትቷል። እሳቸው ከእኛ ከፍ ብለው ነው ያሉት። እግሩን የቆረጡት አፈር በዝናብ ቀን ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ወንድሜ፣ «ሕጉ ከእኛ ጋር ነው፤ እንቀጥል» አለ። እኔም ወደ እሱ አደላሁ፤ እናቴ ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ወድቃ ነበርና ጊዜ አልነበረንም። እናቴ ግን ቡና አፍልታ ጎረቤታችንን ጠራች። እንግሊዝኛዋ ትንሽ ስለሆነ እኔ አስተረጎምኩ።

«ቤት አትሥሩ አላልኩም» አሉ። «ዛፉን የተከለችው ባለቤቴ ናት። ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

እናቴ የመጨረሻውን ሳልተረጉምላት ገባት። ሲኒያቸውን ሞላችና በአማርኛ፣ «ነፍስ ይማር» አለቻቸው። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ «ቤቱን ወደዚህ ሳቡት» አለች።

መሐንዲሱ ፕላኑን እንደገና ሠራው። ቤቱ ከአጥሩ 4 ሳይሆን 7 ጫማ ራቀ። ቆረጣው በግማሽ ቀነሰ። በቀረው አንድ ጫማ ተኩል ከፍታ ላይ በደረጃ ፈንታ ተዳፋት መወጣጫ ተሠራ። ለእያንዳንዱ 1 ጫማ ከፍታ 12 ጫማ ርዝመት ስለሚያስፈልግ የእኛው 18 ጫማ ሆነ። ከደጋፊው ግንብ ጀርባ ውሃውን ሰብስቦ ወደ መንገድ የሚወስድ ቱቦ ተቀበረ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ጨመረ። ቤቱም ጠበበ፤ እናቴ ለመሶቧና ለድስቶቿ ያሰበችው ትንሽ ክፍል ቀረ። ወንድሜ እስከ ዛሬ «ሦስት ጫማ ለአቮካዶ ሰጠን» እያለ ያጉረመርማል። እውነቱን ነው፤ የሰጠነው ትንሽ አይደለም።

አማርኛ ለዚህ «ይሉኝታ» የሚል ቃል አለው። ሕግ ያልከለከለህን ነገር፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ምን ይሰማዋል ብለህ መተው ማለት ነው። ይሉኝታ ሲበዛ ሰውን ያስራል፤ ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤትን ያሳጣል። የ60 ቀኑ ሕግ ትክክል ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ጓሮ ረጅም ጥናት ቢጠየቅ፣ የእናቴ ዓይነት ሰዎች ቤቱን ሳያዩ ያረጃሉ። ነገር ግን ከተማው የማይጠይቀውን መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ወላጆቻችሁ ጓሮ ውስጥ ቤት ለመሥራት ካሰቡ በአማርኛ እነዚህን ጠይቋቸው። ውሃው ወዴት ይሄዳል? ከአፈሩ ሥር ምን አለ? ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ምን ይፈራል? ሁለቱን መሐንዲስ ይመልስላችኋል። ለሦስተኛው ቡና ማፍላት ያስፈልጋል።