የእናቴ ሁለተኛ ዓይን

ልጄ 12ኛ ክፍልን ስትጨርስ፣ አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ ወደ መሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት ፈልጋ ነበር። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። የሒሳብ አያያዝ ተምራ ዳባት ተቀጠረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና አያቷን ለማየት ደባርቅ ትመጣለች።

ባለፈው ክረምት በደመወዟ የገዛችውን የዘይት ቀለምና ሸራ ይዛ መጣች። እኔም ጡረታ ወጥቼ እጄ ሥራ ፈትቷልና «እስቲ አስተምሪኝ» አልኳት። መብራት በጠፋ ምሽት፣ እናቴ በኩራዝ ብርሃን ጋቢዋን ተከናንባ ስትፈትል ልንሥላት ተነሣን።

ልጄ መጀመሪያ ጥቁሩን ቀለም ከፊቴ አነሣችው። «አባዬ፣ ሌሊት ጥቁር አይደለም» አለች። ቡናማና ጥልቅ ሰማያዊ ስትደባልቅ ጥቁር የሚመስል ጨለማ ወጣ። ሰማያዊው ሲበዛ የሊማሊሞን ብርድ ይመስላል፤ ቡናማው ሲበዛ ጢስ የጠገበ ግድግዳ። ሸራውን በዚያ በስሱ ቀባንና ብርሃን ያረፈበትን ቦታ በጨርቅ ጠረግን። ጨለማው ሲጠረግ የእናቴ ግንባርና ጉንጭ ብቅ አለ።

ቀለሙን የሚይዘው የተልባ ዘይት ነው። እናቴ ይህን ሰምታ «ለጾም የምቆላው ተልባ?» ብላ ሳቀች። ዘይቱ እንደ ውሃ አይተንም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቀስ እያለ ይጠጥራል። በእኛ ብርድ ደግሞ ይባስ ይዘገያል። የታችኛው ቅብ ስስ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ካልሆነ በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እየጠበቅን ሠራን።

በአራተኛው ቅዳሜ እናቴ ሥዕሉን አየች። ቀኝ ፊቷ በርቷል፤ ግራው በጨለማ ተውጧል።

«አንድ ዓይን ብቻ? በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው። ምን አድርጌህ ነው ልጄ?» አለች።

እውነቷን ነው። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት መላእክትም በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩን። እናቴ ያደገችው እንዲህ ያለ ሥዕል እየተሳለመች ነው።

አፍሬ «በቃ፣ ይፋቅ» አልኩ። ልጄ ግን አያቷን ማንደጃው አጠገብ መልሳ አስቀመጠችና «አባዬ፣ ደግመህ እይ» አለችኝ።

አየሁ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆየሁ። የፍሙ ብርሃን ከታች ሽቅብ ወጥቶ በግራ ዓይኗ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቀላ ያለች ነጥብ ጥሏል። ዓይኑ ድሮም እዚያው ነበር፤ እኔ ቸኩዬ አላየሁትም። በትንሿ ብሩሽ ነጥቧን አኖርኩ። እናቴ ጠጋ ብላ ረጅም ጊዜ አየችና «አሁን እኔ ነኝ» አለች።

ማታ ልጄ ብሩሾቹን በጋዝ ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ። «ያኔ የከለከልኩሽ ተሳስቼ ነው» አልኳት።

ወዲያው አልመለሰችልኝም። ብሩሾቹን አንድ በአንድ አደረቀች።

«አውቃለሁ አባዬ» አለች በመጨረሻ። «የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ የምትቀመጠው አንተ ነህ።»