ሃቫና ላይ የሰማሁት የአማርኛ ቃል

ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያስቀረጸው «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኘው ሸክላ ከልጅነቴ ጀምሮ ይማርከኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚኒሶታን በጋ ትቼ የኩባን ሙዚቃ ለማጥናት ሃቫና ከረምኩ።

አስተማሪዬ አንድ አዛውንት ከበሮ መቺ ነበሩ። ክላቬ የሚባለውን፣ ሦስትና ሁለት ሆኖ አምስቴ የሚመታውን ምት በሁለት እንጨት ያስጠኑኛል፤ እጄ ግን ወደ ችክችካው እያደላ አስቸገረ።

«አገርህ የት ነው?» አሉኝ። «ኢትዮጵያ» ስላቸው እንጨቶቹን አስቀመጡ። «ጅግጅጋ!» አሉና፣ ቀጥለው በአማርኛ፦ «ውሃ!» በ1970 ዓ.ም. ገና የሃያ ዓመት ወታደር ሳሉ ኦጋዴን ዘምተዋል።

በዚያው ዓመት አጎቴን ቀይ ሽብር በላው። እኚህ ሰው ወራሪን ለመመለስ መጡ፤ ነገር ግን ያው ጦር ደርግንም አጸናው። እናቴ ዛሬም «ኩባ» ሲባል ፊቷን ታዞራለች። ጋዜጠኛ ሳለሁ መጠየቅ ሥራዬ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንዲት ጥያቄ አልወጣኝም። እንጨቶቹን አንስቼ ሰጠኋቸውና ቀጠልን።

ሴንት ፖል ስመለስ እናቴ «ምን ተማርክ?» ብትለኝ፣ ምቱን ጠረጴዛ ላይ መታሁላት። የሰውየውን ነገር ዋጥኩት። ይህን ጋዜጣ በየሳምንቱ ታነባለች፤ እንግዲህ እማዬ፣ ነገሩ ይኸው ነው።