ከክሮቹ ሥር ያለው የአበባ መስክ

አንትወርፕ ላይ ልቤን የሰረቀችው የሩበንስ ሥዕል ሳትሆን አንዲት ሽሪምፕ ናት።

ፍሌስሃውስ ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ ተነባብሮ የቆመ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ለከተማው ሥጋ ሻጮች የተሠራ አዳራሽ ነው፤ ኋላ የሙዚቃ ቤተ መዘክር ሆነ። እዚያ የሩከርስ ቤተሰብ ከሠራቸው ሃርፕሲኮርዶች (ፒያኖን ከቀደሙት ባለ ክርና ባለ ቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያዎች) በአንዱ ላይ ጎንበስ ስል፣ ከክሮቹ ሥር ያለው የድምፅ ሰሌዳ አበባ በአበባ ሆኖ ጠበቀኝ። ቱሊፕ፣ ጽጌረዳ፣ ቢራቢሮ፣ ዝንብ፣ ወፍ፤ በመካከላቸውም ማን እንደጋበዛት ያልታወቀች ሽሪምፕ! ዳር ዳሩን እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት ሰማያዊ ሐረግ ይዞረዋል። በክቡ ቀዳዳ ውስጥ ወርቅ የተቀባ መልአክ በገና ይደረድራል፤ ግራና ቀኙ የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚሣለው ክሮቹ ከመወጠራቸው በፊት ነው። ክዳኑ ከብርሃን ስለሚከልለው ቀለሙ ዘመናትን ተሻግሯል።

በአንትወርፕ ሃርፕሲኮርድ ሠሪና ሠዓሊ የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ፤ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር። (ሉቃስን በሠዓሊነቱ የእኛም ትውፊት ያውቀዋል።) እ.ኤ.አ. በ1557 ዐሥር ሠሪዎች በሥዕል ሳይሆን በገዛ ሙያቸው እንዲፈተኑ ለማኅበሩ አመለከቱ፤ በዓመቱም ተፈቀደላቸው። ሃንስ ሩከርስ በ1579 የማኅበሩ አባል ሆነ፤ ልጆቹ ዮሐንስና አንድርያስም ሙያውን ወረሱ።

የክዳኑ ሥዕል ሌላ ነገር ነው። ባለጸጋው አፖሎን ወይም ኦርፌዎስን ያሥልበታል፤ ሌላው ደንበኛ በታተመ ወረቀት ላይ የላቲን ምክር አስጽፎ ይረካል። ለእኔ ወረቀቱ ይበልጥብኛል። የባለጸጎቹ ክዳኖች አንዳንዶቹ ተነቅለው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ እንደ ሥዕል ተሸጡ እንጂ እንደ ሙዚቃ አልተቆጠሩም።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪሶች የሩከርስን ድምፅ እጅግ ወደዱት። የሚጫወቱት ሙዚቃ ተጨማሪ ቁልፎች ስለሚፈልግ ሣጥኑን አስፍተው፣ በዘመኑ ፋሽን ቀብተውና ወርቅ አልብሰው አደሱት። ሰሌዳው ሲሰፋ አበባውም መቀጠል ነበረበት። ስሙ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ አዲስ ሠርተው ሩከርስ ነው ብለው የሸጡም ነበሩ።

እንግዲህ የሩከርስ ሃርፕሲኮርድ ፊት ከቆማችሁ፣ ክዳኑን ለጊዜው ተዉትና በክሮቹ መካከል አሾልቁ። ሽሪምፗን ፈልጓት።