አይሱዙ ቆንጆ የቤት መኪናም ሠርቷል

ለመሆኑ አይሱዙ ሲባል ምን ይታያችኋል? ጤፍ ወይም ሲሚንቶ ጭኖ ዳገቱን እያጓራ የሚወጣ የጭነት መኪና፣ አይደል? ዛሬ ግን ስለ ሌላ አይሱዙ ልንገራችሁ።

ስሟ አይሱዙ 117 ኩፔ ይባላል። ኩፔ ማለት ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ እየወረደ የሚሄድ መኪና ናት። የነደፋት ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው፤ የመጀመሪያውን ቮልስዋገን ጎልፍ የነደፈውም እሱ ነው። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1966 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ሲሆን፣ ከ1968 እስከ 1981 ድረስ ጃፓን ውስጥ ተሠርታለች። የመጀመሪያዎቹ አብዛኛው አካላቸው በእጅ ስለሚሠራ በወር የሚወጡት በጣም ጥቂት ነበሩ። በጠቅላላው ወደ 86 ሺህ ገደማ ተሠርተዋል። በኋላም ፒያሳ የሚባል ሌላ ኩፔ መጣ። (የኛ ፒያሳ እንዳይመስላችሁ!) እ.ኤ.አ. በ1993 አይሱዙ የራሱን የቤት መኪና መሥራት አቆመና ሰው እነዚህን መኪናዎች ረሳቸው።

አጎቴ በስልኩ ቪዲዮ ሲያሳየኝ ቀለሟ ያልደበዘዘ፣ ወንበሯ ያልተቀደደ፣ ትንሽ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች 117 አየሁ። እንዴት እስካሁን ቆየች? በዚያ ዘመን የነበሩ የጃፓን መኪናዎች ዋና ጠላታቸው ዝገት ነበር። በዚያ ላይ ጃፓን ውስጥ የግል መኪና አዲስ ካልሆነ በቀር በየሁለት ዓመቱ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ወጪውም ቀላል ስላልሆነ ብዙ ሰው አሮጌ መኪናውን ያስወግዳል።

አጎቴ መካኒክ ስለሆነ «ቁጥሩን ብቻ አትመን» አለኝ። ብዙ የድሮ መኪናዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጥሩት በአምስት አኃዝ ነው። 99,999 ሲሞላ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል! ስለዚህ የሚያውቅ ሰው የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ ያያል፤ ካለቀ ብዙ ተነድቷል ማለት ነው። ደግሞ ዝም ብሎ የቆመ መኪናም ይበላሻል። ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ቤንዚኑ ይበላሻል፣ ዘይት የሚይዙት ጎማዎች ደርቀው ማፍሰስ ይጀምራሉ። እንግዲህ ያቺ መኪና ያማረችው ስላልተነዳች ብቻ አይደለም። ከዝናብ የሚያስጠልላት፣ አልፎ አልፎ እያስነሳ የሚያሞቃት ሰው ስላላት ነው።

ይሄን ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ የጭነቱ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ያንን መኪና የነዳው እሱ ብቻ ነው። አሁን ከ600 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። የምድር ዙሪያ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብለን ተምረን የለ? አካፍሉት። አባቴ ምድርን 15 ጊዜ ዞሯታል ማለት ነው። ዘይት የቀየረበትን ቀን ሁሉ በደብተር ይጽፋል። ደብተሩ አሁን ሦስተኛው ነው።

ባለፈው ወር ባለንብረቱ መኪናውን ሊሸጠው ፈለገ። ገዢዎች መጡና የጋቢናውን በር ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ኪሎ ሜትሩን ነው። «ኧረ ይሄማ አልቆለታል!» ብለው ዋጋውን ጣሉት። አባቴ አልተከራከረም፤ ደብተሮቹን አውጥቶ ሰጣቸው። አንዱ ገለጥ ገለጥ አደረገና መለሰለት። ይሄን ስጽፍ መኪናው ገና አልተሸጠም። ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት አባቴን ይቅጠረው አይቅጠረው አናውቅም። እናቴ ማታ ማታ ስለዚህ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔ ግን እሰማለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጃፓን ያለችው ቆንጆ ኩፔና የአባቴ መኪና ዘመዳሞች ናቸው። አንዷ ትንሽ ሄዳለች፣ ሌላው ብዙ ሄዷል፤ ሁለቱም ግን የሚጠብቃቸው ሰው አላቸው። ቁጥሩ ስንት እንደሄዱ ይናገራል እንጂ ማን እንደያዛቸው አይናገርም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ መንገድ ላይ ያረጀ ግን ንጹሕ መኪና ስታዩ «ስንት ሄዷል?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ነው የያዘው?» በሉ። ሹፌሩ ካለ ደግሞ ሰላም በሉት፤ ደስ ይለዋል።